የሂልማ ማጀት

ካርታው የተሰቀለው በወደብ ከተማዋ በማሎሪ፣ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ነው። ሬይኖ ኮስኬላ ከበሩ ላይ ሆኖ ወደዚያ ሲመለከት ግን ቀድሞ ያየው ካርታውን አልነበረም፤ አጠገቡ የቆመችውን ሴት እንጂ። ዴልፊን ሃርግሬቭ ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ፀጉሯን እሱ እንደሚወደው ወደ አንድ ትከሻዋ ሰብስባዋለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዓይኗ እሱን ሲያገኝ ፊቷ ፈካ። ስጦታ ደብቃ ቀኑን ስትጠብቅ የከረመች ነበር የምትመስለው።

ከዚያ ካርታውን አየ።

ባሕሩ ሰማያዊ ነው። እዚህም እዚያም በቢጫና በብርቱካን የተቀለሙት፣ የማሎሪ አጥማጆች "ዓሣ የምናወጣው ከዚህ ነው" ያሏቸው ቦታዎች ናቸው። ከቀለሞቹ መሐል፣ ማንም ባልነካው ባዶ ውኃ ላይ፣ በጥቁር መስመር የታጠረ ሣጥን ተሥሏል። መንግሥት ሊተክላቸው ያቀዳቸው ተንሳፋፊ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በሰንሰለት ከባሕሩ ወለል ጋር የሚታሰሩት እዚያ ውስጥ ነው። ሰንሰለት ባለበት ደግሞ የመንጠቆ ገመድ መጣል የለም። የሣጥኑ እንብርት ያረፈው በሂልማ ማጀት ላይ ነበር።

የሂልማ ማጀትን ያገኙት የሬይኖ አያት ናቸው። ከጥልቁ ገደል አፍ ላይ ያለች ጠባብ እርከን ናት፤ ጥቁሩ ዓሣ እዚያ ይከማቻል። አያቱ በሚስታቸው ስም የጠሯት ከሂልማ ማጀት ባዶ እጁን የወጣ ሰው ስለሌለ ነው። የኮስኬላ ቤት የተሠራው፣ ጀልባዋ የተገዛችው፣ አባቱም በክብር የተቀበረው ከእሷ በወጣ ዓሣ ነው።

ማሎሪ ላይ ሰው መኪናውን ያውስሃል፣ ደሙን ይለግስሃል፤ የሚያጠምድበትን ቦታ ግን አይነግርህም። ለቄስ ይዋሻል፣ አልጋ ላይ ለተኛ ወንድሙ ይዋሻል። የሚነገራት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም በሠርጓ ዋዜማ። የሬይኖ እናት ኤልሚ "አባትህ ቀለበቱን ያጠለቀልኝ ለሰው ዓይን ነው፤ ያገባኝ ግን ስሙን በጆሮዬ የነገረኝ ዕለት ነው" ትላለች።

እናም ባለፈው ክረምት ዴልፊን ከዕቅድ መሥሪያ ቤቱ ተልካ፣ ካርታና ባለቀለም እርሳስ ይዛ ጀልባው ላይ መጥታ "የምታጠምድበትን ቦታ አሳየኝ" ስትለው፣ ሬይኖ ሳያፍር ሳይፈራ፣ ዕድሜ ልኩን መንጠቆ ጥሎበት የማያውቅ ውኃ ብርቱካን ቀለመላት። ለእሱ ይሄ መዋሸት አልነበረም፤ ቤት መቆለፍ ነው። መቼም የተማረ ሰው ሲዋሽ ግምት ይባላል፤ ያልተማረ ሰው ዝም ሲል እንኳ ውሸታም ነው።

ፍቅሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ለሥራ መጣች፤ ቀጥሎ ለሥራ የመጣች መሰለች፤ ኋላም ማስመሰሉን ተወችው። አንድ ቀን አብራው ባሕር ወጣች። ብርድ ሲመታት ጃኬቱን አልብሷት የመሪው ክፍል ውስጥ ትቷት ገመድ ሊሰበስብ ወጣ። መሪው አጠገብ ደግሞ የጀልባዋን መንገድ ሁሉ የሚያሳየው ስክሪን አለ።

ሬይኖ አሁን ካርታው ፊት ቆሞ ያቺን ቀን አስታወሰ። "አይታዋለች" አለ በልቡ። "አይታ ለአባቷ ነግራዋለች።"

አባቷ ዋረን ሃርግሬቭ ነው። የማሎሪን ዓሣ ሁሉ የሚገዛው እሱ ነው፤ ማመንጫዎቹ የሚገጣጠሙበትን ወደብ የሚያከራየውም እሱ ነው። ሬይኖ ልጅ ሳለ፣ በምስጋና በዓል ቀን ከአባቱ ጋር ለዋረን ቤት ዓሣ አድርሶ ነበር። "ዓሣ ትሸታላችሁ" ተባሉና ምሳቸውን በወረቀት ሳህን ከጓሮ ደረጃ ላይ በሉ። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ከዓሣ በተገኘ ብር የተሠራ ቤት ነው እኮ። በመስኮቱ አንዲት ልጅ አየችውና መጋረጃውን ዘጋችው። ያቺ ልጅ ዴልፊን ነበረች።

"ሬይኖ፣ ና ቀይ ክብ ውሰድ፤ በነፃ ነው" አለው ገስ ፔዴርሰን፣ የወደቡ ቀልደኛ፣ ትከሻውን መታ አድርጎ። በአዳራሹ ወንበርም ማይክሮፎንም የለም። በየጠረጴዛው ፈገግ ያለ ወጣት ቆሟል፤ ዕቅዱን የወደደ አረንጓዴ፣ የጠላ ቀይ ወረቀት ካርታው ላይ ይለጥፋል። "እኔ ቀዩን ብስኩቱ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጨው በዝቶበታል።"

ሬይኖ አልሳቀም። ሰው አንድ ላይ ሆኖ እንዳይጮህ በየጠረጴዛው በትኖ ብስኩት ማብላት፣ ይህን ይህን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት።

ዴልፊን ተጠጋችው። "አየኸው?" አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር።

"አየሁት።"

"ታዲያ ምን አልክ?"

"መጋረጃ መዝጋቱን አሳምረሽ ታውቂበታለሽ።"

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ። እስከ መኪናው ድረስ፣ አንዴ ብትጠራው እንደሚቆም ያውቅ ነበር፤ አልጠራችውም። ያ ደግሞ ከካርታው በላይ አመመው።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ጉም ወደቡን ውጦት ነበር። ሬይኖ ጀልባው ላይ ተቀምጦ መንጠቆ ሲጠግን እርምጃዋን ሰማ፤ አረማመዷን ከሺህ ሰው ይለየዋል።

"ሬይኖ።"

"መሥሪያ ቤትሽ እዚህ እንድትመጪ ፈቀደ?"

"ዙር ወደዚህ። ከጀርባህ ጋር ላወራ አይደለም የመጣሁት።"

ዞረ። ዓይኗ እንዳልተኛች ይናገራል። እጇን ወደ እሱ ልትዘረጋ ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"ትናንት ምን በድዬህ ነው?"

"ያን ዕለት ስክሪኑን አይተሽ ለአባትሽ ነገርሽው። ሣጥኑን ጉሮሮዬ ላይ አስቀመጣችሁት።"

"የምን ስክሪን? ሬይኖ፣ ያን ዕለት እኮ ስታስመልሰኝ የዋለችው ባሕር ናት፤ ባልዲውን ነው ሳይ የዋልኩት።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሣጥኑ መጀመሪያ የት እንደነበረ ታውቃለህ? ደቡብ ነበር፤ አንተ ብርቱካን በቀለምክበት ላይ። ያስነሣሁት እኔ ነኝ። አለቆቼ ፊት ቆሜ 'የአንድ ቤት እንጀራ ነው፣ አትነኩትም' አልኳቸው። ሳቁብኝ። ለአንድ አጥማጅ ብላ ነው ብለው አሙኝ። ግን ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ማንም ወዳልነካው ባዶ ውኃ።"

መንጠቆው ከእጁ ወደቀ።

"ባዶ አልነበረም" አለ።

ጉሙ ውስጥ የሆነ ቦታ የወደቡ ደወል ይመታል። ዴልፊን ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባት እሱ ፊቷ ላይ አየው፤ ውኃ ወደ ጀልባ ሲገባ እንደማየት ነበር።

"የቀለምክልኝ ሁሉ ውሸት ነው? ማሎሪ እንደሚዋሽ አውቃለሁ፤ አንተን ግን አምኜህ ነበር።"

"ማሎሪ ላይ ለእንግዳ የሚባለው ነው።"

"ለእንግዳ።" ቃሉን በአፏ አገላበጠችው። "እሺ፣ ያኔስ እንግዳ ነበርኩ። ጃኬትህን ስታለብሰኝስ? 'አንቺ ስትመጪ ጀልባዋ ትቀለኛለች' ስትለኝስ? ያኔም እንግዳ ነበርኩ?"

"አንቺስ ከጓሮ ደረጃ ላይ ስበላ መጋረጃ ስትዘጊብኝ ምን ነበርኩ? ውሻ?"

"ይህን ሁሉ ዘመን ያንን መጋረጃ ተሸክመኸው ነው የምትዞረው? የዘጋሁት እኮ የምንበላውን እንዳታይ ነው። አፍሬ ነው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ ግን አትጠይቅም፤ ፈርደህ ትወጣለህ።"

"አንቺ ደግሞ ትጠይቂያለሽ፤ መልሱን ይዞ የሚሄደው ግን ሌላ ሰው ነው።"

ይህን ካለ በኋላ ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ከአፍ የወጣ ነገር መረብ የለውም። ዴልፊን የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች ወደ ኋላ ሄደች።

"ያንን የቀለምክልኝን ካርታ መሥሪያ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ" አለችው ጉሙ ሳይውጣት። "በየቀኑ ነው የማየው። የአንተ እጅ ያረፈበት ሌላ ነገር ስለሌለኝ።"

* * *

ደብዳቤ ሊጽፍላት ሞከረ። "ዴልፊን" ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በታች የሚመጣው ቃል ሁሉ ወይ ልመና ሆነበት ወይ ስድብ። ቀዶ ምድጃ ውስጥ ከተተው።

ዋረን ሃርግሬቭ የመጣው በነጋታው ነው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አላወለቀም።

"ሬይኖ ልጄ" አለ፤ የሰውን ልጅ ለምን ልጄ እንደሚል እግዜር ይወቅ። "ካርታውን አይተህ ከአዳራሹ ወጣህ አሉ፤ ሣጥኑ ቦታህ ላይ አርፎ መሆን አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው። በሚመጣው ስብሰባ ማይክሮፎን አለ። ወጥተህ 'ልጅቷ የነገርኳትን በትክክል አልመዘገበችም' በል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ካርታው ይሰረዛል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ ማመንጫዎቹ የትም ቢተከሉ ወደቡ የእኔው ነው፤ ያንተን ቦታ ማንም የት ነው ብሎ አይጠይቅህም።"

"እሷስ?"

"ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ሳሌም ያዛውሯታል። ለእሷም ይሻላታል። እዚህ ዓሣ ዓሣ ሸትታ ልትቀር ነው እንዴ?"

እናቱ ከሬይኖ ኋላ መጣች። ኤልሚ ኮስኬላ አጭር ናት፣ ወገቧም ጎብጧል፤ ግን ከቆመችበት ማንም ገፍቶ አያልፋትም። በእጇ የወረቀት ሳህን ይዛለች፤ ላዩ ላይ የተጨሰ ዓሣና ቁራሽ ዳቦ አለ።

"ዋረን፣ ርቦሃል መሰለኝ። እንካ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ ብላ፤ ቤታችን ውስጥ ዓሣ ይሸታል።"

ሰውየው ሳህኑን ተቀብሎ፣ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። ረስቶት ነበር። የሚያደርጉ ሰዎች ይረሳሉ፤ የሚደረግባቸው ናቸው የሚያስታውሱት። ሳህኑን ከደረጃው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

"እማ፣ ያለኝን ካልኩ እኮ ማጀቱ ይተርፋል" አለ ሬይኖ። "ስሙም አይወጣም።"

"ይተርፋል" አለች። "ከዚያስ ስሙን ለማን በጆሮዋ ልትነግር ነው?"

በሩን ዘግታ ገባች። እሱ ደረጃው ላይ፣ ከዚያ ሳህን አጠገብ ተቀመጠ። ዓሣው ጥሩ ሽታ ነበረው፤ እሱ ግን አልነካውም።

* * *

ስብሰባው ሕግ የሚያስገድደው ዓይነት ነበር። አሁን ወንበር ተደርድሯል፣ ማይክሮፎን ቆሟል፤ አጠገቡ ትንሽ መብራት አለች፤ ስትናገር አረንጓዴ ናት፣ ጊዜህ ሲያልቅ ቀይ ትሆናለች። ከዋና ከተማ የመጡት ሰብሳቢ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ዴልፊን ከባልደረቦቿ ጋር ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ሬይኖ ሲገባ ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ቀድማ የሸሸችው እሷ ናት።

ስሙ ሲጠራ ወጣ።

"ሬይኖ ኮስኬላ። የ'ኤልሚ' ጀልባ ባለቤት። ካርታው ስህተት ነው።"

ከፊት ረድፍ ዋረን ሃርግሬቭ እግሩን አጣምሮ ደገፍ አለ። ዴልፊን አንገቷን ደፋች፤ የምትጠብቀውን ጅራፍ ለመቀበል እንደተዘጋጀ ሰው።

"ቦታውን የመዘገበችው ባልደረባችን ተሳስታለች ነው የሚሉት?" አሉ ሰብሳቢው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። አንድ ቃል ነው የቀረው። ሬይኖ አንገቷን አየ፤ ፀጉሯ ወደ አንድ ትከሻዋ የወደቀበትን።

"አይደለም። እሷ የመዘገበችው እኔ ያልኳትን ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ዴልፊን ቀና አለች።

"አላፍርበትም ደግሞ" አለ ሬይኖ። "እርስዎ፣ ጌታዬ፣ የማያውቁት ሰው ደጅዎን አንኳኩቶ 'ማጀትህን ክፈትልኝ፣ ምን ላደርግበት እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ' ቢልዎ ይከፍታሉ? 'ለመረጃ ነው' አላችሁን። ለመረጃ ብለን የሰጠናችሁ ሰንሰለት ሆኖ ተመለሰ። መጀመሪያ ሣጥን ትሥላላችሁ፤ ቀጥላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ብስኩት ታበሉናላችሁ።"

"ጨዋማ ብስኩት" አለ ገስ ከኋላ።

"አቶ ኮስኬላ" አሉ ሰብሳቢው፣ "የካርታ መረጃ የሚሰበሰብበት ጊዜ ባለፈው ክረምት ተዘግቷል።"

"ባሕሩ አልተዘጋም።"

ሳቅና ጭብጨባ ተነሣ። ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ። "እሺ። ትክክለኛውን ቦታ ካላሳዩን ግን ምንም ልናደርግልዎ አንችልም።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ገስ ፔዴርሰን አንገቱን አሰገገ። የወደቡ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከአያት ጀምሮ ሊሰሙት የፈለጉት ነገር ነው፤ ከሰሙት ደግሞ በሳምንቱ ገመዳቸው እዚያ ነው። ሬይኖ ይህን ያውቃል። ሦስት ትውልድ ዝም ብሎ የጠበቀው ነገር ነው።

ከማይክሮፎኑ ራቀና ወደ ካርታው ሄደ። እዚያ ሲደርስ እርሳስ የለውም።

ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ዴልፊን ብርቱካኑን እርሳስ ይዛ ተነሥታለች።

"ዴልፊን፣ ተቀመጪ" አለ አባቷ፣ ሳይጮኽ፤ ጮኾ የማያውቀው መጮኽ አስፈልጎት ስለማያውቅ ነው።

"ሥራ ላይ ነኝ አባዬ።"

በማይክሮፎኑ አጠገብ ስታልፍ መብራቷ ቀይ ሆናለች። የአንገት ልብሷን ፈታ ጣል አደረገችባት። ካርታው ጋ ደርሳ ከሬይኖ ጎን ቆመች።

"የምታጠምድበትን ቦታ አሳየኝ" አለችው። የክረምቱን ቃል፣ አንዱንም ሳትለውጥ።

"ገደሉ የሚታጠፍበት ይታይሻል?" አላት። "ከዚያ ወደ ሰሜን። አይ፣ ገና ነሽ። ትንሽ ወደ እኔ። እዚህ።"

ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ። ከኋላቸው አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ዴልፊን የእርሳሱን ጫፍ ከጣቱ አጠገብ አስቀመጠች።

"ስም አለው?"

ማሎሪ ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ ምን እንደጠየቀች ታውቃለች። አዳራሹም አውቋል። በሦስተኛው ረድፍ ኤልሚ ኮስኬላ የፊቷን ወንበር ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች።

"ይህን ስም የምትሰማው ወደ ቤታችን የምትገባ ሴት ብቻ ናት" አለ ሬይኖ።

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ነው የጠየቅሽኝ?"

"እያወቅኩ ነው። ስማ፣ ቀይ በርቷል፤ ቶሎ በል።"

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ሊል ነበር፤ ተወው። በጆሮ ሲባል የኖረው ይበቃል። ቀና ብሎ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "የሂልማ ማጀት" አለ።

ከኋላ ገስ እጁን አወጣ።

"ሰብሳቢ" አለ ገስ፣ "ይሄ አስተያየት መስጠት ነው ወይስ ልጅ መጠየቅ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሬይኖ ግን ሳቁ በእሱ ላይ እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። ዋረን ሃርግሬቭ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ዴልፊን ዞራ አላየችም። ሰብሳቢው ብዕራቸውን እንዳነሡ፣ "ይህ በመዝገቡ ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

"እንደሰማኸው ጻፈው" አለች ኤልሚ።

ሣጥኑ ይነሣል ወይስ አይነሣም፣ ያን ዕለት አንድም ባለሥልጣን ቃል አልሰጠም። ገስ ገመዱን እዚያ እንደሚጥል ሬይኖ ያውቃል። ይጣል። ዴልፊን ቦታውን ትቀልማለች፤ እንባ ዓይኗን ጋርዶት እርሳሱ ከእርከኗ አልፎ፣ በጥቁሩ መስመር ላይ ወጥቶ ሄደ።

"መስመሩን አለፍኩት" አለችው በሹክሹክታ።

"እለፊው" አላት።

ከኋላቸው የወደቡ ሰው ሁሉ ያያል። ቀዩ ብርሃን በአንገት ልብሷ ሥር ፈክቶ ይታያል። ሬይኖ ኮስኬላ ግን፣ ያን ሁሉ ዓይን ተሸክሞ፣ ዓይኑን ለመስበር አላሰበም።